ሳይዋደዱ የተጋቡ፣ ተጋብተው የተዋደዱ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ከጎንደር ናቸው። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ዓይነት ልብ ወለድ ነው። ታውቁታላችሁ፤ ወንዱና ሴቷ ለዕዳ፣ ለውርስ ወይም ለወረቀት ብለው ይጋባሉ፣ «እንዳንዋደድ» ብለው ይዋዋላሉ፣ ከዚያ ይዋደዳሉ። ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ የሚተዋወቁ አይመስለንም፤ ግን ተማክረው የጻፉ ነው የሚመስሉት።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። የምኖረው አዘዞ ነው። የሌሊት ተራ ሲደርሰኝ፣ በሽተኞቹ ሲተኙና ሥራው ፋታ ሲሰጠኝ፣ በስልኬ አነባለሁ። በቅርቡ ጓደኛዬ በቴሌግራም አንድ ትርጉም ልብ ወለድ ላከችልኝ። ልጅቷ አባቷ ጥሎባት የሞተው ዕዳ አለባት፤ ሰውየው ደግሞ ካላገባ የአያቱን ውርስ አያገኝም። ለአንድ ዓመት ተጋብተው ሊፋቱ ይፈራረማሉ። የቀረውን ገምቱት። ጨርሼ ወዲያው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እኔ በእውነተኛው ሕይወት የጥቅም ጋብቻ የሚባል ነገር ያንገፈግፈኛል። ታላቅ እህቴ «ሀብታም ነው» ተብሎ ነው የተዳረችው፤ ያሳለፈችውን በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ በሕይወት የምጠላውን መጽሐፍ ላይ ሳገኘው ለምን ደስ ይለኛል? ወንድሜ ደግሞ «ዲግሪ ይዘሽ ይሄን ታነቢያለሽ?» እያለ ይስቅብኛል።
የሌሊት ተረኛዋ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ የሌሊት ተረኛዋ፣ መጀመሪያ ወንድምሽን እናሰናብተው። ቅዳሜና እሁድ ኳስ ያያል አይደል? ማን እንደሚያሸንፍ ሳያውቅ ዘጠና ደቂቃ ይጮኻል። አንቺ ደግሞ መጨረሻውን እያወቅሽ ልብሽ ይመታል። ዲግሪው ለየትኛው እንደሚያስፈልግ እሱ ይንገረን።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እስኪ ያንን የሚፈራረሙበትን ምዕራፍ መልሰሽ አንብቢው። (እንደገና ጀምሬዋለሁ ስላልሽ ሩቅ አይሆንብሽም።) ልጅቷ ተጨንቃለች፣ ዕዳው አናቷ ላይ ቆሟል፣ መሄጃ የላትም። ግን ከሰውየው ፊት ለፊት ቁጭ ብላ ትደራደራለች። ክፍሌ ለብቻዬ ይሁን። ሥራዬን አልለቅም። እናቴን በፈለግኩ ጊዜ ሄጄ አያለሁ። ሰው ፊት ካልሆነ እጄን እንዳትይዘኝ። ሰውየው ፊቱን አኮሳትሮ ይሰማታል፣ አንዱን ይቃወማል፣ ሌላውን እያጉረመረመ ይቀበላል፣ በመጨረሻ ይፈርማል። እኔ ከእነዚህ መጻሕፍት ሁሉ የምወደው ይሄንን ነው፤ ከመሳሳሙም፣ ከቪላውም፣ ከሀብታሙ ሰውዬ ሰፊ ትከሻም በላይ። ብዙ የፍቅር ታሪክ ላይ ልጅቷ ቁጭ ብላ እስኪመርጧት ትጠብቃለች። እዚህ ግን የምትፈልገውን በአፏ ትናገራለች፣ ሌላው ደግሞ በወረቀት ላይ ያሰፍረዋል።

የእህትሽን ነገር አስቢው እንግዲህ። መቼም ሽማግሌ ተልኳል። ስለ ጥሎሹ፣ ስለ ሠርጉ ቀን፣ ማን ምን እንደሚያመጣ ተነጋግረዋል። ድርድሩማ ነበር። እሷ ግን ጓዳ ነበረች። ሰዎች ስለ እሷ ሲዋዋሉ እሷ ቡና እያፈላች ይሆናል። ለዚህ ነው የእህትሽ ትዳር እያንገፈገፈሽ የመጽሐፉ ትዳር የሚያስደስትሽ። ሁለቱ ከላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሴትየዋ የተቀመጠችበት ቦታ ግን የተለያየ ነው።

ሌላው የአጻጻፉ ዘዴ ነው። በተራው የፍቅር ልብ ወለድ ዋናው ጥያቄ «ይጋቡ ይሆን?» የሚል ነው፣ ስለዚህ ሠርጉ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ መጽሐፉም እዚያው ይዘጋል። በዚህኛው ሠርጉ 30ኛ ገጽ ላይ አልቋል። ቤቱ አንድ ነው፣ ማዕዱ አንድ ነው፣ መሸሻ የለም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ትንንሹ ነገር ነው። ስታስል መስኮቱን ይዘጋል። ሲያመሽ መብራቱን አታጠፋም። እሱ «ውሉ ላይ አለ» እያለ ያመካኛል፣ ውሉ ላይ ግን የለም፤ አንቺ ውሉን አንብበሽዋል፣ ስለዚህ ከሁለቱም ቀድመሽ ታውቂያለሽ። ከባለ ጉዳዮቹ ቀድሞ ማወቅ የሚሰጠው ደስታ ቀላል አይደለም። ሠፈር ውስጥ ሐሜት የሚጣፍጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ታሪኩ ፈረንጅ አገር እንዲሁ ከባዶ አልተፈጠረም። እንግሊዝ አገር እስከ 1800ዎቹ መጨረሻ ድረስ አንዲት ሴት ስታገባ ገንዘቧና ተንቀሳቃሽ ንብረቷ በሕግ የባሏ ይሆን ነበር። ያገባች ሴት የራሷን ንብረት በራሷ ስም እንድትይዝ ሙሉ መብት የሰጣት ሕግ የወጣው በፈረንጆች 1882 ነው። ርስቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ለወንድ ወራሽ ነበር የሚተላለፈው። እንዲህ ባለ አገር ማግባት ማለት የኑሮ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን ላይ የተመሠረቱት ልብ ወለዶች ላይ ልጅቷ በሃያ ዓመቷ ሒሳብ ስታሰላ ብታያት አትፍረጂባት። በኋላ ነገሩ ትልቅ ንግድ ሆነ። ሚልስ ኤንድ ቡን የሚባለው የለንደን አሳታሚ በ1908፣ ሃርለኩዊን የሚባለው የካናዳው ደግሞ በ1949 ተቋቋሙ፤ በ1971 የካናዳው የለንደኑን ገዛውና በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ ስስ የፍቅር መጻሕፍትን በዓለም ዙሪያ በተኑ። ሕጉ ሲለወጥ ጸሐፊዎቹ ሌላ ምክንያት መፈለግ ነበረባቸው፤ የአያት ኑዛዜ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የልጅ አሳዳጊነት። የአያት ኑዛዜው ትንሽ በዝቷል። እነዚህ የፈረንጅ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ከማጋባት ሌላ ሥራ ያላቸው አይመስልም።

ደግሞ ጎንደር ቁጭ ብለሽ ይሄን የፈረንጅ ነገር ነው ልትይ አትችይም። ቋራ ላይ ሸፍቶ አላስቀምጥ ያላቸውን ካሳ ኃይሉን ያኔ ጎንደርን ይገዙ የነበሩት እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ አሊ ለማብረድ የሞከሩት በጋብቻ ነበር። የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ዓላማው ግልጽ ነው፤ አማች ይሁንና ይረፍ። አላረፈም። በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አማቱን ድል አደረገ፣ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። እኔን የምትገርመኝ ግን ተዋበች ናት። ባሏን እንድታለዝብ የተላከች ልጅ ከአባቷና ከአያቷ ይልቅ ከባሏ ጎን ቆመች። እሱም ይወዳት ነበር፤ በ1850 ዓ.ም. ስትሞት በጣም ነው ያዘነው። ማንም የልብ ወለድ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ አጀማመር አያመጣም፤ ባልን ለማሰር የተሰጠች ሚስት፣ ራሷ በፍቅር ታስራ ስትቀር።

ታሪኩ ግን እዚያ አያቆምም። ቴዎድሮስ ቆይተው የደጃዝማች ውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። ይሄም የፖለቲካ ጋብቻ ነው፤ ደጃዝማች ውቤ ያኔ የንጉሡ እስረኛ ነበሩ። ልዑል አለማየሁ ከዚህ ጋብቻ ተወለደ፣ በባልና ሚስቱ መካከል ግን ፍቅር አልመጣም። ሰውየው አንድ፣ ዘዴውም አንድ፣ ውጤቱ ግን ሌላ። ልብ ወለዱ ሁልጊዜ የተዋበችን ዓይነት ነው የሚነግርሽ። የጥሩወርቅን ዓይነት ማንም በሌሊት ተራ ላይ ለመዝናናት አያነብም፣ እሱን አንቺ ከእህትሽ ቤት ታውቂዋለሽ።

የጊዜ ገደብ ያለው ውልም ቢሆን ለእኛ አዲስ አይደለም። ድሮ ደሞዝ የሚባል ጋብቻ ነበር። በተለይ ከአገር አገር የሚዞር ሰው ክፍያውንና ጊዜውን ቆርጦ ሴትየዋን ያገባል፣ ጊዜው ሲያልቅ ይለያያሉ። አንቺ ያነበብሽው መጽሐፍ ጸሐፊ ይሄን ቢሰማ ሁለተኛ ክፍል ይጽፍ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም በቴሌግራም የሚዞረው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ስሙን ቀይሮ የገባ ጠለፋ ነው። ሰውየው ያስፈራራታል፣ በር ይቆልፍባታል፣ «ትለምጅኛለሽ» ይላታል፣ ከዚያ በሃያኛው ምዕራፍ ትለምደዋለች። የእኛ የወንጀል ሕግ ለማግባት ብሎ ሴት መጥለፍን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ጸሐፊው ግን ፍቅር ብሎታል። እንዲህ ያለው ሲገጥምሽ ዝም ብለሽ አጥፊው፣ የስልክሽም ቦታ ይቆጠባል። እኔ አንድን መጽሐፍ ከመቀጠሌ በፊት የማየው ልጅቷ «አይሆንም» ብትል ምን እንደሚፈጠር ነው። «አይሆንም» ማለት የምትችል ከሆነ እቀጥላለሁ። ከዚያ ደግሞ ሁለቱም የሚያጡት ነገር ሊኖር ይገባል፤ እሷ ብቻ ተቸግራ እሱ ሁሉ ነገር ከሞላለት ድርድር ሳይሆን ምጽዋት ነው፣ ብዙ ገጽም አያስኬድም።

ጸሐፊዎቹ የማይሰለቻቸውን አንድ ነገርም አውቀሽ ሳቂ። ባልና ሚስቱ ጉዞ ይወጣሉ፣ ዝናብ ይይዛቸዋል፣ ሆቴል ይገባሉ፣ ሆቴሉ ሞልቶ የቀረው ክፍል አንድ፣ አልጋውም አንድ። ሁሌ! እዚህ ጎንደር እንኳ ለጥምቀት ሰሞን ካልሆነ በቀር ሆቴል እንዲህ አይሞላም። ግን እኔም ገጹ ሲደርስ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፣ አልዋሽሽም።

ጥያቄ፦ ማራኪ ነው የምኖረው፣ ዕድሜዬ 26 ነው። አሜሪካ የሚኖር፣ ዜግነት ያለው የዘመድ ጓደኛ አለ። በወረቀት አግብቶ ሊወስደኝ ቤተሰቦቼ ገንዘብ ሊከፍሉት ተስማምተዋል። እኔ እንዲህ ዓይነት ልብ ወለዶች በጣም ስለማነብ መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር ያየሁት። አሁን ግን «ቃለ መጠይቁ ላይ እንዳንሳሳት» ብለን በየማታው ስናወራ ስናወራ ወደድኩት መሰለኝ። እሱ ምን እንደሚያስብ አላውቅም። ምን ላድርግ?
ወረቀቷ፣ ከማራኪ

መልስ፦ እህቴ፣ በመጽሐፉ ላይ ቢሆን ምዕራፍ አስራ ሁለት ላይ ነሽ። በሕይወት ላይ ግን ወንጀል ደጃፍ ላይ ነሽ፣ ስለዚህ እንደ ቀልድ አላወራሽም።

የአሜሪካ ሕግ የኢሚግሬሽን ሕጉን ለማምለጥ ብሎ እያወቀ የሚያገባን ሰው እስከ 5 ዓመት እስራት፣ እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ይቀጣል። ይሄ እሱንም ይመለከታል፣ አንቺንም። ከተያዘ ደግሞ ወደፊት እውነተኛ ባል አግብተሽ በእሱ በኩል ልሂድ ብትዪ እንኳ በሩ ሊዘጋብሽ ይችላል። ሄድሽ እንበል። ጋብቻው 2 ዓመት ሳይሞላው ከገባሽ የሚሰጥሽ ፈቃድ ጊዜያዊ ነው፣ የ2 ዓመት። ከዚያ ቋሚ እንዲሆን ባልና ሚስት ሆናችሁ አብራችሁ ነው የምታመለክቱት። ያን ሁሉ ጊዜ የእሱ ፊርማ ያስፈልግሻል። ገንዘብ ተቀብሎ የፈረመ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲፈርም ሌላ ገንዘብ ቢጠይቅሽ ለማን ትከሺዋለሽ?

በእኛም ሕግ ቢሆን «የወረቀት» የሚባል የጋብቻ ዓይነት የለም። በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከፈረምሽ አግብተሻል፣ በቃ። «ለአንድ ዓመት ብቻ» ብላችሁ በጎን ብትጽፉ ጋብቻውን አያፈርሰውም፣ ፍቺ በፍርድ ቤት ነው። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት ደግሞ በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብ እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ተብሎ ነው የሚቆጠረው።

ልብሽን በተመለከተ ግን ነገሩ ቀላል ነው። ቤተሰቦችሽ ገንዘቡን እንዳይከፍሉ አድርጊ። ዛሬውኑ። ከዚያ ደውይለትና «ገንዘቡ ቀርቷል፣ እኔ ግን ማውራታችንን ባናቆም ደስ ይለኛል» በይው። በማግስቱ ማታ ከደወለ አንድ ነገር አወቅሽ፣ ካልደወለም አወቅሽ። ከደወለ ደግሞ ይምጣና ጎንደርን ይየው፣ አንቺም በስክሪን ሳይሆን በአካል እዪው፤ ከቤተሰብሽ ጋር ይብላ፣ ከአስተናጋጅ ጋር ሲነጋገር አድምጪው፣ ባጃጅ ሲከራከር ታዘቢው። እውነት ሆኖ ከተጋባችሁ ለቃለ መጠይቁ የምታጠኑት ነገር አይኖርም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ቤቴ ከፒያሳ ብዙም አይርቅም። ባለቤቴን ያገባኋት ቤተሰብ መርጦልን ነው። የእሷ አባትና የእኔ አባት መሬት የሚያዋስናቸው ሰዎች ነበሩ፤ በመሬት ይጣሉ ስለነበር ጋብቻው ለእርቅ ነው የተደረገው። ፊቷን በደንብ ያየሁት ከሠርጉ በኋላ ነው። አሁን ልጃችን ስማርት ስልክ ገዛችላትና ቀኑን ሙሉ ትረካ ትሰማለች። ሁሉም ሳይዋደዱ ተጋብተው በኋላ የተዋደዱ ሰዎች ታሪክ ነው። ባለፈው ቡና እያፈላች ድንገት «አንተ፣ እኔን ከመቼ ጀምሮ ነው የወደድከኝ?» አለችኝ። እኔም «በዚህ ዕድሜያችን ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?» ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ቀዝቀዝ ብላብኛለች። ትረካው ነው ያበላሻት ወይስ እኔ ነኝ?
መምህሩ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ጋሼ፣ ትረካው አላበላሻትም። ባለቤትዎ የሰማችው ታሪክ የራሷ ታሪክ ሆኖባት ነው። የመሬት ጠብ፣ ለእርቅ የተሰጠች ልጅ፣ ፊቷን ያላየ ሙሽራ። ይሄን ጽፎ ለአሳታሚ የሚልክ ሰው ቢኖር በደስታ ይቀበሉታል። እርስዎ ደግሞ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ዝምተኛው ባል ነዎት። እነሱ መጽሐፍ ላይ ያሉት ዝምተኞች ግን መጨረሻ ላይ ይናገራሉ፤ እሷ እየጠበቀች ያለችው ያንን ምዕራፍ ነው።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ» ብለው እንዳይመልሱላት አደራ። ይሄን ያህል ትረካ የሰማች ሴት ውሸቱን ወዲያው ትይዝዎታለች። በዚያ ላይ እሷም ያን ቀን ነበረች፣ ፊትዎ ምን ይመስል እንደነበር ታስታውሳለች። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ሰው የሚወድበት ሰዓት ሁልጊዜ የታወቀ ነው፣ ሁልጊዜም ትንሽ ነገር ነው። እርስዎም የራስዎን ይፈልጉ። ገጠር ተመድበው ሲያስተምሩ ስንቅ ቋጥራ የሸኘችዎት ቀን ይሆን? ታመው ተኝተው ሳለ አልጋው ጫፍ ላይ ያንጎላጀችበት ሌሊት? የመጀመሪያ ልጃችሁ ስትወለድ? ወይስ ስለ መሬቱ ነገር አባቷ ፊት ለእርስዎ የተከራከረችበት ጊዜ? እኔ አላውቀውም፣ እርስዎ ግን ያውቁታል። ደብዳቤዎ ላይ «ፊቷን በደንብ ያየሁት» ብለው ሲጽፉ እጅዎ አልዘገየም ወይ?

መምህር ነዎትና አንዴ በወረቀት ላይ ቢያሰፍሩት ይቀልልዎታል። ሲነግሯት ግን ወረቀቱን አይያዙ፣ ንግግር ይመስላል። ቡና ላይ ይሁን፣ ልጆቹ ባይኖሩ ጥሩ ነው፣ ስልኩም ይዘጋ። አጭር ይሁን። «ያን ጊዜ ጠይቀሽኝ ነበር» ይበሉና ቀኑን ይንገሯት፣ ከዚያ ዝም ይበሉ። በመጽሐፉ ላይ ሰውየው ዝናብ ውስጥ ቆሞ ነው የሚናዘዘው፤ እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ ብርድ አያስፈልግዎትም።

ደግሞ ተራው የእርስዎ ነውና «አንቺስ ከመቼ ጀምሮ?» ብለው መልሰው ይጠይቋት። ከሠርጉ ሦስት ዓመት በኋላ ነው ብትልዎ እንዳይቀየሙ። ከፈቀደችልዎ መልሷን ጽፈው ይላኩልን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።